የስም መጥሪያው መዝገብና በር ላይ የቆመው ልጅ፦ ግዴታን ለሚሸሽ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት የመፈለግ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ሰነድ ከቤተ መዛግብት የተገኘ አይደለም። ለንደን የምትኖረው ታናሽ እህቴ የላከችልኝ የአንድ ልጅ ፋይል ነው። ልጁ የራሷ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራት በአራት ዓመቱ ነው። ፋይሉን የላከችልኝም ታሪክ እንድጽፍበት አልነበረም። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ወረቀት ማንበብ ሥራህ ነው፤ እስቲ እነዚህ ሰዎች ምን እያሉኝ እንደ ሆነ ንገረኝ» ብላ ነው። የምናገረው በእርሷ ፈቃድ ነው።

በፋይሉ ውስጥ የሐኪሞች ሪፖርት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምዘና፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉ። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ከሁሉም ተራ የሚመስለው ወረቀት ነው፤ የስም መጥሪያ መዝገብ ቅጂ። ለእያንዳንዱ የትምህርት ቀን ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለከሰዓት። ከአንድ ወር ወዲህ ያሉት ሳጥኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለ ፈቃድ መቅረትን በሚያሳይ ምልክት ተሞልተዋል። በኅዳጉ ላይ እህቴ በእርሳስ፣ በአማርኛ ጽፋለች፤ «ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ነበር።» በሌላ ቀን ደግሞ፦ «ዛሬ ራሱ ልሂድ ብሎ ተነሣ፤ ደረጃው ላይ ቀረ።»

የታሪክ ተማሪዎች እንደምታውቁት ቅጽ ከሚጠይቀው ባልተናነሰ ለመጠየቅ ያላሰበውንም ይናገራል። ይህ ቅጽ «መጣ ወይስ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ጫማውን አድርጎ በር ላይ ስለ ቆመ ልጅ የሚጻፍበት ሳጥን የለውም። ዛሬ ላሳያችሁ የምሞክረው እነዚያ ሳጥኖች ከየት እንደ መጡ፣ ባለፉት 100 እና 150 ዓመታት አካል ጉዳተኛ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት ያገኟቸው ድሎች ሁሉ ሳጥኖቹን ሳይነኩ እንዳለፉ፣ ስለዚህም እንደ እህቴ ልጅ ያለው ልጅ ድሎቹ ሁሉ ከተገኙ በኋላ እንኳ ውጭ እንደ ቀረ ነው።

በ1862 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ በአዲስ ደንብ ሥር አደረገው። የደንቡ አባት ሮበርት ሎው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ድጎማው የሚለካው በተማሪዎች መገኘትና በየዓመቱ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ በሚሰጠው ፈተና ሆነ። የስም መጥሪያው መዝገብ የገንዘብ ሰነድ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቀረ ልጅ የጎደለ ገንዘብ ነበር። በ1870 በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ፤ በ1880 ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች መማር ግዴታ ሆነ። ይህን በክፉ አላነሣውም። ግዴታው ብዙ ልጅ ከፋብሪካና ከእርሻ አውጥቶ ብዕር አስጨብጧል። የምለው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገና ሲወለድ ከግዴታ ጋር መንታ ሆኖ ተወለደ ነው።

ግዴታው ግን ለሁሉም አልነበረም። ሁሉም ልጅ ይምጣ ሲባል፣ ከመጡት መካከል እንደ ሌሎቹ የማይማሩ መኖራቸው ገሃድ ሆነ። የ1899ኙ ሕግ ለአንዳንዶቹ ልዩ ክፍል እንዲከፈትላቸው ፈቀደ። የ1913ቱ የአእምሮ ጉድለት ሕግ ሌሎቹን ከትምህርት ባለሥልጣናት እጅ አውጥቶ ለሌላ አካል አስረከበ። ታላቁ የ1944 የትምህርት ሕግ እንኳ፣ በ57ኛው አንቀጹ፣ «ሊማር አይችልም» ተብሎ የተመዘነ ልጅ ወደ ጤና ባለሥልጣናት እንዲተላለፍ አደረገ። በዚያን ጊዜ ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በዚህ በር ወጥተው በሆስፒታል ውስጥ አድገዋል። በሩ የተዘጋው በ1970 በወጣ ሕግ ነው፤ ከሚያዝያ 1971 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ሊማር አይችልም የሚባል ልጅ በሕግ ፊት የለም። ከ1870 እስከ 1970 ስንት ዓመት እንደ ሆነ ቁጠሩልኝ። ለሁሉም ተብሎ የተጀመረ ትምህርት ሁሉንም ለመጨመር አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀበት።

ያ በር በራሱ አልተዘጋም፤ ወላጆች ናቸው የዘጉት። ሕክምናው የሊዮ ካነርን የ1943 ጽሑፍ ይዞ ስለ 11 ልጆች ሲወያይ (ሞስኮ ውስጥ ግሩኒያ ሱካሬቫ ስድስት ወንዶች ልጆችን በ1925 ገልጸው እንደ ነበር ለብዙ ጊዜ ማንም አላስታወሰም)፣ ወላጆች የሚጠይቁት ሌላ ነበር፦ «ነገ ጠዋት ወዴት ልውሰደው?» በ1962 ለንደን ውስጥ ጥቂት ወላጆች ተሰብስበው ዛሬ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር የሚባለውን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሎርና ዊንግ የአእምሮ ሐኪምም፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናትም ነበሩ። ሲቢል ኤልጋር የተባሉ በሞንቴሶሪ ዘዴ የሠለጠኑ መምህርት ደግሞ በቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ማንም የማይቀበላቸውን ልጆች ያስተምሩ ጀመር። በ1965 ማኅበሩ ኢሊንግ በተባለው የለንደን ክፍል ለእርሳቸው ትምህርት ቤት ከፈተ።

እነዚህ ልጆች እንደሚማሩ ከታየ በኋላ ጥያቄው እንዴት ይማሩ የሚል ሆነ። በ1973 ማይክል ራተርና ሎረንስ ባርታክ በሦስት የትምህርት ክፍሎች ያሉ ልጆችን አነጻጽረው፣ ሥርዓት ባለውና መምህሩ በሚመራው ትምህርት የተማሩት የተሻለ መማራቸውን አሳዩ። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ኤሪክ ሾፕለር ቀኑን በሥዕል ከፋፍሎ የሚያሳይ የማስተማሪያ ሥርዓት በመላ ግዛቱ ዘረጉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢቫር ሎቫስ በሽልማት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ በኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር፣ ባሕርይን የመቅረጽ ዘዴ አስፋፉ። ሎቫስን ከሾፕለር ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጤ ሁለተኛውን እንዳይበድል እሰጋለሁ፤ ሾፕለር የወላጆች ወዳጅ ነበሩ። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ልጁ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በግልጽ ካወቀና በተከታታይ ከተመራ ይረጋጋል ብለው ያምናሉ። ለብዙ ልጆች እውነት ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ባለ ሥዕል መርሐ ግብር የብዙ ልጆችን ቀን አድኗል።

የእህቴ ልጅ በዚያ ግድግዳ ፊት ሲቆም ስድስት ሥዕል ያያል፤ ለእርሱ ስድስት ትእዛዝ ናቸው። ከፋይሉ እንደምረዳው በሁለተኛው ሳምንት ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ከወንበሩ ሥር ደብቋቸዋል። ሪፖርቱ ይህን «አዋኪ ባሕርይ» ይለዋል።

ወደ ኖቲንግሃም ከተማ ልውሰዳችሁ። ኤሊዛቤት ኒውሰንና ባለቤታቸው ጆን ኒውሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ያልተለመደ ሥራ ጀምረው ነበር። ወደ 700 የሚጠጉ እናቶችን በየቤታቸው እየሄዱ ልጃቸውን በእውነት እንዴት እንደሚያሳድጉ ጠየቁ። የሐኪም መጽሐፍ የሚለውን ሳይሆን፣ ሌሊት ሦስት ሰዓት ላይ ልጁ ሲያለቅስ የሚያደርጉትን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1963 ወጣ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሊዛቤት ኒውሰን ኋላ ላይ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚመረምሩበት ክፍል፣ ማንም ያላስተዋለውን ለማስተዋል የበቁት እናት ስትናገር ማዳመጥን ሥራቸው ስላደረጉ ይመስለኛል።

ያስተዋሉት ይህ ነው። ወደ ክፍሉ ከሚላኩት ልጆች መካከል ላኪዎቻቸው ኦቲዝም የሚጠረጥሩባቸው፣ ግን በኦቲዝም መደበኛ መግለጫ ውስጥ በቀላሉ የማይገቡ ነበሩ። ይናገራሉ፤ ዐይን ያያሉ፤ ቀልድ ያውቃሉ፤ ሌላ ሰው ሆኖ መጫወት ይወዳሉ። እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አንድ ነበር፤ የዕለት ተዕለት ሕይወት የሚጠይቀውን ተራ ነገር ሁሉ ባላቸው ብልሃት ሁሉ ይሸሻሉ። ምክንያት ይደረድራሉ፣ ወሬ ያስቀይራሉ፣ ያባብላሉ፣ ወደ ምናብ ዓለም ይገባሉ። የእህቴ ልጅ «እግሬ ዛሬ አይሄድም» ይላል። ብልሃቱ ሁሉ ሲያልቅ ድንጋጤ ይመጣል፤ ከውጭ ለሚያየው ቁጣ የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ፍርሃት የሆነ። ኒውሰን ይህን በ1980ዎቹ መናገር ጀመሩ፤ ዋናው ጽሑፋቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ታተመ። ካዩአቸው ልጆች ሴቶቹና ወንዶቹ በቁጥር ተቀራራቢ መሆናቸው፣ ኦቲዝም የወንዶች ነው በሚባልበት ዘመን፣ ራሱን የቻለ ዜና ነበር። ለትምህርት ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ግኝታቸው ነው። ለኦቲዝም የሚጠቅመው የታወቀው ዘዴ፣ ጽኑው ሥርዓት፣ ተደጋጋሚው መርሐ ግብር፣ ሽልማቱ፣ ለእነዚህ ልጆች አይሠራም፤ እንዲያውም ሊያባብስባቸው ይችላል። የሚረዳቸው በጎን የሚመጣ ጥያቄ፣ ምርጫ፣ ቀልድ፣ አዲስ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ለመሸነፍ የማያፍር አዋቂ ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ኒውሰን የሰጡት ስም «ፓቶሎጂካል ዲማንድ አቮይዳንስ» ነው። «ዲማንድ»ን ወደ አማርኛ ስመልስ መጀመሪያ «ትእዛዝ» አልኩ፤ በኋላ ሰረዝኩት። ትእዛዝ ሁልጊዜ አዛዥ አለው። ለእነዚህ ልጆች ግን ረኀብም ይጠይቃል፤ ሽንትም ይጠይቃል፤ ራሱ የተመኘው ጨዋታም ሰዓቱ ሲደርስ «በል እንግዲህ» ይለዋል። «ዛሬ ራሱ ልሂድ ብሎ ተነሣ፤ ደረጃው ላይ ቀረ» የሚለውን የእህቴን ማስታወሻ አስታውሱ። ስለዚህ «ግዴታ» ይሻላል ብዬ «ግዴታ ሽሽት» እለዋለሁ። የተሻለ ቃል ያላችሁ የቋንቋ ሰዎች አርሙኝ።

ስሙ በራሱ አከራካሪ ነው። በ2013 የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ አያውቁትም። በ2018 ጆናታን ግሪንና ባልደረቦቻቸው ባሕርያቱ ቢኖሩም ራሱን የቻለ ሕመም ለመባል ማስረጃው አይበቃም ብለው ጻፉ። በሌላ በኩል ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚየን ሚልተን ክርክሩን ገለበጡት፤ እምቢ ማለት መቼ ነው በሽታ የሆነው፣ የመታዘዝን ልክስ ማን ወሰነ? ዛሬ አንዳንዶች «ሕመም» የሚለውን ቃል አውጥተው፣ ራስን በራስ ለመምራት ያለ ጽኑ ፍላጎት ይሉታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደ ታሪክ ሰው ግን ለሚልተን ጥያቄ አደላለሁ፤ ለእህቴ ደግሞ ስሙን አጥብቀሽ ያዢ ብያታለሁ። ይህን ቅራኔ አልደብቅም። ስሙ በሳይንስ ዘንድ ያልጸና ቢሆንም፣ ያለ እርሱ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ስም «አሳዳጊ የበደለው» ነው። ስም ከሁለት አንዱ ላይ መውደቁ ካልቀረ፣ በእናቲቱ ላይ ከሚወድቅ በወረቀቱ ላይ ይውደቅ።

ሕክምናው ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ሁሉ ዋልጌ እንዳልሆነ ካወቀ ቆይቷል። ኒውዮርክ ውስጥ አይዝራ ብሮድዊን በ1932፣ ለንደን ውስጥ ላየነል ሄርሶቭ በ1960 በፍርሃት የሚቀረውን ልጅ ከሚያውደለድለው ለይተው ጽፈዋል። መዝገቡ ግን ልዩነቱን አልተማረም። በ1996ቱ የትምህርት ሕግ መሠረት ዛሬም ልጁ አዘውትሮ ካልተገኘ የሚከሰሰው ወላጅ ነው። በእህቴ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። ቀኑን ስመለከት የሥነ ልቦና ባለሙያው ልጁ ለጊዜው ትምህርት ቤት መሄድ እንደማይችል ከጻፉ ከ11 ቀን በኋላ የተላከ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም።

አሁን ወደዚያው ወደ 1944ቱ ሕግ ልመለስ። 57ኛው አንቀጽ በር እንደ ዘጋ ተናግሬአለሁ። 36ኛው አንቀጽ ደግሞ ሳያስበው ሌላ በር ከፍቷል። ወላጅ ልጁን ለዕድሜው፣ ለችሎታውና ለዝንባሌው የሚስማማ ትምህርት እንዲያገኝ ማድረግ እንዳለበት ከደነገገ በኋላ፣ ይህ የሚሆነው ትምህርት ቤት አዘውትሮ በመገኘት «ወይም በሌላ መንገድ» ነው ይላል። ሐሳቡ በ1870ው ሕግም ነበረ፤ በቤት ሞግዚትና መምህር ለሚያስተምሩ ባለጸጎች የተተወ ቀዳዳ ይመስለኛል። በ1977 ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ማኅበር ሲያቋቁሙ ስማቸውን ከዚህ ሐረግ ወሰዱ። የ2014ቱ የልጆችና የቤተሰቦች ሕግ 61ኛ አንቀጽ፣ ትምህርት ቤት ለልጁ የማይስማማ ሲሆን የአካባቢው አስተዳደር ትምህርቱን ከትምህርት ቤት ውጭ ሊያዘጋጅለት እንደሚችል ይፈቅዳል። ለባለጸጋ የተከፈተ ቀዳዳ ከ70 ዓመት በኋላ በር ላይ የቆመው ልጅ መውጫ ሆነ።

በእነዚህ መካከል ያለውን በአጭሩ ልለፍ፤ በትምህርት ፋኩልቲ ያላችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በ1978 በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ ልጆችን በጉዳት ዓይነት መመደብ ይቅር፣ በሚያስፈልጋቸው ነገር ይታዩ አለ፤ ከአምስት ልጆች አንዱ በአንድ ወቅት ልዩ እገዛ እንደሚሻም አሰላ። የ1981ዱ ሕግ ይህን በጽሑፍ መግለጫ አሰረው፤ በ1994 ወላጆች ይግባኝ የሚሉበት ጉባኤ ሥራ ጀመረ። ዋርኖክ ራሳቸው በ2005 ባወጡት ጽሑፍ፣ መግለጫውም ሁሉንም በአንድ ትምህርት ቤት የማካተቱ ሐሳብም እንደ ታሰበው እንዳልሆነ ተናግረዋል። የራስን ሥራ በአደባባይ ማረም በእኛ ሙያ ብርቅ ነውና አከብራቸዋለሁ።

እህቴ አንድ ሌሊት ደውላ «ወደ አገር ቤት ብመለስስ?» አለችኝ። ስለ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ነገርኳት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት። ሲቢል ኤልጋር በምድር ቤታቸው፣ ወይዘሮ ዘሚ በአዲስ አበባ፣ በ40 ዓመት ልዩነት አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ፈቃድ እስኪመጣ አልጠበቁም። ወይዘሮ ዘሚ ደግሞ ከራሳችን ፊደል ተነሥተው «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲህ እኔም ትምህርት ቤት ልክፈት?» አለች። ቀልድ መሆኑን ያወቅሁት ስትስቅ ነው።

አልከፈተችም፤ ፈለገች። በቀድሞው ዘመን የቅኔ ተማሪ ስለ ደብሩ ውበት ሳይሆን ስለ መምህሩ እየጠየቀ ከአገር አገር ይሄድ ነበር። (ከደረሰም በኋላ አለንጋው ይጠብቀው ነበርና ያንን ዘመን አላስውበውም።) እህቴም ሳታውቀው እንዲሁ አደረገች። ሦስት ትምህርት ቤቶች ሄዳ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ «ልጁ እምቢ ሲል ምን ታደርጋላችሁ?» የመጀመሪያው የባሕርይ መመሪያቸውን አትመው ሰጧት፤ 14 ገጽ ነው። ሁለተኛው «እኛ ጋ እምቢ የሚል የለም» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችም። ሦስተኛው ትንሽ ቦታ ነው፤ ርእሰ መምህርቷ ጥቂት አስበው «እንጠብቃለን። ከዚያ የጠየቅነው ነገር የግድ አስፈላጊ ነበር ወይ ብለን ደግመን እናያለን» አሏት።

አስተዳደሩ ለሦስተኛው ለመክፈል ፈቃደኛ አልነበረምና ጉዳዩ ወደ ጉባኤው ሄደ፤ ሰባት ወር ፈጀ። የተፈቀደው በሳምንት ሁለት ጠዋት ነው፤ ቀሪው ጊዜ «በሌላ መንገድ» ተብሎ። መምህሩ መጀመሪያ ወደ ቤት መጣ። ልጁን አላናገረውም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ከካርቶን ድልድይ ይሠራ ጀመር፤ ክፉኛ ይሠራ ነበር አለችኝ እህቴ፣ ሆን ብሎ ይሁን ችሎታው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቀችም። በሦስተኛው ጉብኝት ልጁ ከሶፋው ጀርባ ወጥቶ ምሰሶውን አስተካከለለት። ባለፈው ወር ወደ ትምህርት ቤቱ ስምንት ጠዋት ሄደዋል። ከመኪናው የወረደው በሦስቱ ነው። በአምስቱ መምህሩ መጥቶ መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠ፤ በመዝገባቸውም እነዚያ ቀናት እንደ መገኘት ተጽፈዋል።